ስለ አጋሪኮን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጋሪኮን በአሜሪካ የጤና መደብሮች በካፕሱልና በጠብታ መልክ ይሸጣል። ሲያትልና ፖርትላንድ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን በቀላሉ ያገኙታል። አንዳንዱ ለራሱ ይሞክረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሳል ላስቸገራቸው እናቱ አገር ቤት ይልካል። ጥያቄውም የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ እንጉዳይ ብዙ ይወራል፤ ገሚሱ እውነት ነው፣ ገሚሱ የገበያ ወሬ ነው። ሁለቱን ለመለየት እንዲያግዝ ብዬ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ለመሆኑ አጋሪኮን ምንድን ነው?

በዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅል ጠንካራ እንጉዳይ ነው። ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ ብሎ በሳምንቱ የሚበሰብሰው ዓይነት አይደለም። ከግንዱ ጎን ይወጣና ለአሥርት ዓመታት እዚያው ይኖራል። በየዓመቱ ከሥሩ አዲስ ንብርብር ስለሚጨምር ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ታች ይረዝማል። ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ አጋሪኮን ከሩቅ ሲያዩት ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ይመስላል።

ላዩ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል፤ ግራጫም ይሆናል። ከታች በኩል በዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ዘሩ የሚበተነው በእነሱ ነው። ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ነው። ደርቆ የቆየውን በጣት ሲያሹት ይፈረፈራል፤ እጅ ላይም ነጭ ዱቄት ይቀራል። ሲቀምሱት መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ወዲያው ግን ኃይለኛ ምሬት ይከተላል። ሳይንሳዊ ስሙ ላሪሲፎሜስ ኦፊሲናሊስ ሲሆን፣ በብዙ ጽሑፎችና በምርት ማሸጊያዎች ላይ ፎሚቶፕሲስ ኦፊሲናሊስ ተብሎም ታገኙታላችሁ። ሁለቱም ያው አንዱ ናቸው።

የሚበቅለው የት ነው?

በጥድ ወገን ዛፎች ላይ ነው፤ እሱም ያረጁት ላይ። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች፣ በሳይቤሪያና በሞንጎሊያ ላርች የሚባለውን ዛፍ ይወዳል። ላርች መርፌ መሳይ ቅጠሉን በየዓመቱ ብርዱ ሲቃረብ የሚያራግፍ የጥድ ዘመድ ነው። በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ደግሞ፣ ማለትም በኦሪገን፣ በዋሽንግተን ስቴትና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በተለይ ዳግላስ ፈር የሚባለው ግዙፍ ዛፍ ላይ ይገኛል። ሄምሎክና ስፕሩስ ላይም ይበቅላል። ብዙ ጊዜ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ወይም የተቀነጠሰ ጫፍ አካባቢ ነው የሚታየው።

አገራችን ውስጥ አለ? ጥድ ላይ ያየሁት ነገር እሱ ይሆን?

አይደለም። አጋሪኮን የቀዝቃዛው ሰሜን ንፍቀ ክበብ እንጉዳይ ነው። የእኛ የሐበሻ ጥድ ላይ የሚበቅል ጠንካራ የግንድ እንጉዳይ ግን አለ። ፓይሮፎሜስ ዴሚዶፊ ይባላል። የጥዱን መሐል ግንድ እየበላ ባዶ ያስቀረዋል፤ ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ክፍት የሆነ ጥድ የቆረጠ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። የሱ ውስጥ ወደ ቀይ ያደላ ነው፣ የአጋሪኮን ነጭ ነው። በዚህ ብቻ ትለዩታላችሁ። ስለ አጋሪኮን የተባለውን ሁሉ እዚያ ላይ ለጥፎ ፈልቶ ይጠጣ ማለት ግን አደገኛ ነው። እባካችሁ አታድርጉት።

ዛፉን ይገድለዋል?

ቀስ ብሎ፣ ከውስጥ ይበላዋል። ዘሩ በቁስል ይገባል፤ ከዚያ ክሮቹ መሐል ግንዱን ይወራሉ። ሴሉሎስ የሚባለውን የእንጨቱን ቃጫ ይበላና ሊግኒን የሚባለውን ቡናማ ማጣበቂያውን ይተወዋል። ስለዚህ የተበላው እንጨት ቡናማ ሆኖ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ እየተሰነጣጠቀ ይፈርሳል። በስንጥቆቹ መካከል ደግሞ የእንጉዳዩ ክሮች ተጠላልፈው ወፍራም ነጭ ንጣፍ ይሠራሉ። ይህን ንጣፍ አስታውሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዛፉ ግን በዚህ ሁኔታ ብዙ ዓመት ቆሞ ሊኖር ይችላል። ሕይወት ያለው ክፍሉ ውጪው ነውና። ለጣውላ ነጋዴ ግን አንድ አጋሪኮን የታየበት ግንድ አብዛኛው እንጨቱ የማይረባ ነው። ደን አስተዳዳሪዎች ለረጅም ዘመን እንደ በሽታ ብቻ የቆጠሩትም ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ይህ አመለካከት ብዙ ነገር አሳጥቶናል።

መድኃኒት ነው መባል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሮሙ ንጉሥ በኔሮን ዘመን የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስኮሪደስ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት በጻፈው ሥራ ውስጥ አጋሪኮንን አስገብቶታል። ለሆድ ቁርጠት፣ ለጉበት፣ ለትንፋሽ ማጠር፣ ለሚያከሳ የሳንባ ሕመም፣ ብቻ ለብዙ ነገር ይመክረዋል። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች ከእጃቸው አላወጡትም። ቴሪያክ በሚባለው፣ ብዙ ነገር ተቀላቅሎ የመርዝ ማርከሻ ይሆናል ተብሎ በሚሠራው ጥንታዊ መድኃኒት ውስጥ ይገባ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለወባ ትኩሳት በሰፊው ይሰጥ በነበረው የዋርበርግ ጠብታ ውስጥም ነበር። እዚያ ውስጥ ግን ወባውን የሚመታው ኩዊኒን ነው፤ አጋሪኮኑ አጃቢ ነበር።

ይህ የኩዊኒን ነገር ሌላ መዘዝ አምጥቷል። የአሜሪካ እንጨት ቆራጮች ምሬቱን ሲቀምሱ ኩዊኒን ያለበት መሰላቸው። እስካሁንም እዚያ በኩዊኒን ስም ይጠሩታል። ኩዊኒን የለበትም። ወባም አያድንም።

እውነተኛ ሥራው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ በዛ ተደርጎ ሲወሰድ ሆድ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ በትንሽ መጠን ላብ ያደርቃል። ላብ የሚያደርቀው አጋሪክ አሲድ የሚባል ቅመም ነው። የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ይህንኑ ነጥረው አውጥተው አጋሪሲን በሚል ስም ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይሰጡ ነበር። እነዚያ ሕሙማን ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልባቸዋል። አጋሪሲን ሲወስዱ ላቡ ይቀንስ ነበር።

ስለዚህ ቲቢን ያድናል ማለት ነው?

አይደለም። ጥያቄው ከሁሉም በላይ ስለሚያሳስበኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ላብ ማድረቅና በሽታ ማዳን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሥራውን እየሠራ ላቡ ብቻ ቢቆም ታማሚው የተሻለው ይመስለዋል። ያኔ ሐኪሞቹ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ቲቢን የሚገድል የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ስቃይ ማስታገሻ ነበር። አጋሪኮን ለቲቢ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አገልግሏል ሲባል ብትሰሙ ይህን አስቡ። በዚያ ሁሉ ዘመን በሽታው ሰው መጨረሱን አላቆመም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎች ከአጋሪኮን ክሎሪን ያለባቸው ኩማሪኖች የሚባሉ ቅመሞች አወጡ፤ እነዚህ በላብራቶሪ ዕቃ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያን እድገት ሲገቱ ተገኙ። ደስ የሚል ግኝት ነው፤ እኔም ስሰማ ደስ ብሎኛል። ግን የተፈተነው በሰው ላይ አይደለም። በላብራቶሪ ዕቃ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገታ ነገር ብዙ ነው። ተውጦ፣ ጨጓራን አልፎ፣ በደም ተጉዞ፣ ሰውን ሳይጎዳ ሳንባ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የሚገድለው ግን በጣም ጥቂት ነው። የሚሸጡት ሰዎች ይህን መንገድ ሁሉ ዘለው ነው «ለቲቢ ፍቱን» የሚሉት።

ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ በአግባቡ የጨረሰ ሰው በአብዛኛው ይድናል። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሌሊት የሚያልብ ከሆነ፣ ሰውነት ከቀነሰ፣ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ለእናታችሁ የምትልኩት ካፕሱል ሁለት ወር ቢያዘገያቸው በሽታው ይገፋል፤ ቤት ያሉት ልጆችም ይያዛሉ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በእንጉዳይ ተማምኖ ካቋረጠ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ያኔ ሕክምናው የበለጠ ይከብዳል። ገንዘቡን ለታክሲና ለእንቁላል ላኩላቸው። ከልቤ ነው የምለው።

ቫይረስ ይከላከላል የሚባለውስ?

እዚህም ላይ ያለው ነገር ጅምር ነው። ፖል ስታሜትስ የሚባል አሜሪካዊ የእንጉዳይ ሰው ከአሮጌ ደኖች የሰበሰባቸውን የአጋሪኮን ዘሮች አራብቶ ጭማቂያቸውን ለአሜሪካ መንግሥት የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ መከላከያ ፕሮግራም አስመርምሯል። በላብራቶሪ፣ በፈንጣጣ ወገን ቫይረሶች ላይ ጥሩ ምልክት ያሳዩ ነበሩ። ስታሜትስ የእንጉዳይ ምርት የሚሸጥ ድርጅት መሥራች መሆኑንም አብሮ ማወቅ ይገባል። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የአጋሪኮንና የሌላ የዛፍ እንጉዳይ ድብልቅ በሰው ላይ መሞከር ተጀምሮ ነበር። ለየትኛውም የቫይረስ በሽታ መድኃኒት ሆኖ የጸደቀ የአጋሪኮን ምርት ግን የለም።

መደብር ውስጥ የሚሸጠው ራሱ እንጉዳዩ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። የዱሩ እንጉዳይ ለማደግ አሥርት ዓመታት ስለሚፈጅበት ለንግድ አይበቃም። የሚሸጠው ማይሲሊየም የሚባለው፣ ማለትም ነጭ ክሩ፣ በሩዝ ወይም በአጃ ላይ በላብራቶሪ አድጎ ከነእህሉ ደርቆ የተፈጨ ነው። ስለዚህ ካፕሱሉ ውስጥ ያለው አንዱ ክፍል እህል ነው። ማሸጊያውን ገልብጡና በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። «ማይሲሊየም» የሚል ካያችሁ ይህ ነው። ዲዮስኮሪደስ የጻፈው ስለ እንጉዳዩ ራሱ እንጂ ስለ ክሩ ስላልሆነ፣ የአንዱን ዝና ለሌላው መስጠት ልክ አይደለም።

እዚያው ማሸጊያ ላይ ሌላም ዓረፍተ ነገር አለ። ምርቱ ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለማዳን የታሰበ እንዳልሆነ፣ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤም የተባለውን እንዳልገመገመው ይላል። ሕጉ ያስገድዳቸዋልና ይጽፉታል። ሻጩ በቃል ከሚነግራችሁ ይልቅ እሱን እመኑት።

የጎንዮሽ ጉዳት አለው?

አለው። የዱሩ እንጉዳይ ሆድ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል። አጋሪክ አሲድ በሕዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመላልሰውን ፕሮቲን የማገድ ባሕርይ አለው፤ ቀላል ቅመም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አጋሪክ አሲድን ለብቻው ነጥሮ ምግብ ውስጥ መጨመርን በሕግ ከልክሏል። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት ባይነኩት ነው የሚሻለው። የስኳር፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሳትደብቁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ብዙ ሰው «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ አይናገርም። ሐኪሙ ግን ያልሰማውን ነገር አስቦ መድኃኒት ሊያስተካክል አይችልም።

ላብ ያደርቃል ያልኩትንም አትርሱት። የሌሊት ላብ ምልክት ነው። ምልክቱ ከተሸፈነ ምርመራው ይዘገያል።

ከቻጋና ከሬይሺ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ቻጋ በርች ዛፍ ላይ የሚወጣ ጥቁር፣ የተቃጠለ የሚመስል እብጠት ነው። ሬይሺ የሚያብረቀርቅ ቀይ ላይ አለው፤ አንዱ ዘመዱ ሄምሎክ ላይ ይበቅላል። በጥድ ወገን ዛፎች ላይ ከአጋሪኮን ጋር በብዛት የሚምታታው ጠርዙ ላይ ቀይ ቀበቶ ያለው ፎሚቶፕሲስ ፒኒኮላ ነው። እሱ በየጫካው ሞልቷል።

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ያከብሩታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ይህንን የታሪኩን ክፍል በጣም ነው የምወደው። በካናዳና በአላስካ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩት የሃይዳ፣ የትሊንጊትና የሲምሺያን ሕዝቦች አጋሪኮንን ከመንፈስ ዓለም ጋር ያያይዙት ነበር። የመናፍስት ዳቦ የሚል ስምም ነበረው። ከመናፍስት ጋር ይነጋገራሉ የሚባሉት አዋቂዎቻቸው ሲሞቱ መቃብራቸው ላይ ጠባቂ ምስል ይቆምላቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰብሳቢዎች ብዙዎቹን ወደ ሙዚየም ወስደው የእንጨት ቅርጽ ብለው መዘገቧቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎች ቀርበው ሲያዩ እንጨት ሆነው አልተገኙም። ከአጋሪኮን የተቀረጹ ናቸው። መቶ ዓመት ያህል መስታወት ውስጥ ተቀምጠው ማንም አላስተዋለም። በሃይዳ የፍጥረት ታሪክ ውስጥም ቁራ ታንኳውን የሚመራለት ሰው ሲያጣ የሚያገኘው የእንጉዳይ ሰው አለ።

አስታውሱት ያልኩት ነጭ ንጣፍም እዚህ ጋ ይመጣል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንዲት የአላስካ ትሊንጊት ሴት የሠራቻቸው ሁለት የግድግዳ ኪሶች አሉ። ሲያዩዋቸው የለሰለሰ ቆዳ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን ጨርቁ ከዛፍ ውስጥ የተገፈፈ የአጋሪኮን ክር ንጣፍ መሆኑን አሳየ። ሴትየዋ የበሰበሰ ግንድ ከፍታ፣ ንጣፉን ሳትቀድ አውጥታ፣ ቆርጣ ሰፍታዋለች። ዛሬ ፋብሪካዎች ከእንጉዳይ ቆዳ ለመሥራት ሲለፉ የሷን ሥራ ማስታወስ ይገባል።

ሊጠፋ ነው ይባላል። ለምን?

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት ተብሎ ተመዝግቧል። ዋናው ምክንያት ያረጁ ደኖች መቆረጣቸው ነው። አጋሪኮን የተተከለ የሃምሳ ዓመት ደን ላይ አይኖርም፤ የመቶዎች ዓመት ዛፍ ይፈልጋል። በአውሮፓ ደግሞ ለዘመናት ለመድኃኒት ተለቅሟል። ከሰሜን ሩሲያ በአርካንግልስክ ወደብ በኩል ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ዛሬ በፖላንድ መንካቱ በሕግ የተከለከለ ነው። ቲቢን የሚገታ ቅመም እንኳ ቢገኝ፣ የሚገኘው በሕይወት ካሉት የተለያዩ ዘሮች ነው። ዛፉን የቆረጠ ሰው እሱንም ዕድል ቆርጧል።

ቤት ውስጥ ማብቀል ይቻላል?

ክሩን በላብራቶሪ ማሳደግ ይቻላል። ትልቁን እንጉዳይ ግን አይሆንም። ያረጀ ዛፍና የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። ኦይስተር እንጉዳይ ለምግብ ብታመርቱ ይሻላል፤ በጥቂት ሳምንታት ይደርሳል።

ጫካ ስሄድ ባገኘውስ?

አትቁረጡት፤ በዱላም አታውርዱት። ከወደቀ በኋላ ዘር መበተን አይችልም ማለት ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ የሚሠሩት በቦታው ተንጠልጥሎ ወደ ታች ሲመለከቱ ነው። ከሥር ሆናችሁ ፎቶ አንሱት። የዛፉን ዓይነት፣ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ዛፉ የቆመ ወይም የወደቀ መሆኑን መዝግቡ። አይናቹራሊስት በሚባለው መተግበሪያ ላይ ስትጭኑት ትክክለኛውን ቦታ ደብቁ፤ ሰብሳቢዎችም ያዩታልና። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ለጠባቂዎቹ ንገሯቸው፤ እንዲህ ያለ መረጃ ይጠቅማቸዋል።